ከደብረ ቢዘን ግርጌ

ፀደይ ለዚያ ጉዞ የተነሣችው ባሏን ፍለጋ ነበር። ይህን ኋላ ኋላ ለራሷ ደጋግማ ትናገረው ነበር፤ ለሌላ ነገር አልወጣሁም፣ ሌላ ነገር አልተመኘሁም እያለች።

የስማዳ ልጅ ናት፤ የወገዳ። ገና በልጅነቷ ንፋስ መውጫ ለሚኖሩት ለወይዘሮ አበራሽ ልጅ ተዳረች። ይታየው ይባላል። ረጅም፣ ዝምተኛ፣ ሲስቅ አፉን በእጁ የሚሸፍን ጎረምሳ ነበር። አብረው የኖሩት አንድ ክረምት ብቻ ነው። መስቀል እንዳለፈ ለብሔራዊ ውትድርና ተመለመለና በጭነት መኪና ተጭኖ ሄደ። ምጽዋ መሆኑን አንድ ጊዜ ብቻ በሰው አሰማ። ከዚያ ምጽዋ ተያዘች፤ ቀጥሎም መንግሥት ተለወጠ። ከጦሩ የተረፈው እየለመነም፣ እየታመመም አገሩ ገባ። ይታየው አልገባም። ሞተ የሚልም፣ አለ የሚልም ሰው አልመጣም።

ወይዘሮ አበራሽ ከይታየው ሌላ ልጅ አልወለዱም። ባላቸውም ቀድሞ ሞቷል። ጎረቤት ተሰብስቦ ለቅሶ እንቀመጥ ቢላቸው «ማን ሞተና?» ብለው ከደጃቸው መለሱት። በገበያ እህል እየሸጡ ምራታቸውን ትምህርት ቤት አስገቡ። «ልጄ ሲመጣ የተማረች ሚስት ይጠብቀው» ይሉ ነበር። ፀደይ አሥራ ሁለተኛን ጨርሳ በወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ታይፒስት ሆነች። አባቷ ልጄን ልውሰድ ብለው ከስማዳ ቢመጡም አልሄድም አለች። አሮጊቷን ጥላ መሄድ አልሆነላትም። ጥቂት ወራት ባል ከሆናት ሰው ይልቅ እናቱ ቀርበዋት ነበር።

የይታየው መልክ እየጠፋባት ከመጣ ቆይቷል። በመደብ ላይ ብቻዋን ስትሆን ዓይኑን ለማስታወስ ትሞክራለች፤ የሚመጣላት ግን ግድግዳው ላይ ያለው ፎቶግራፍ ነው። ይህንን ለማንም አልተናገረችም።

በ፲፱፻፹፱ ዓ.ም. ጥምቀት እንዳለፈ፣ የደብሩ የጽዋ ማኅበር አውቶቡስ ተከራይቶ ላሊበላን፣ አክሱምን፣ ከዚያም መረብን ተሻግሮ የአስመራን አብያተ ክርስቲያናትና ደብረ ቢዘንን ሊሳለም ተነሣ። ያኔ መንገዱ ክፍት ነበር፤ ነጋዴውም ተሳላሚውም ወዲያና ወዲህ ይል ነበር። ጉዞው ምጽዋ ድረስ እንደሚሄድ የሰሙ ዕለት ወይዘሮ አበራሽ ፎቶግራፉን ከግድግዳ አውርደው በመቀነታቸው ቋጠሩ።

«እኔና አንቺ እንሄዳለን» አሏት። «እግዜር ያለበትን ያሳየናል።»

*

አውቶቡሱ ደብረ ዘቢጥን ሳያልፍ ወይዘሮ አበራሽን መኪና አመማቸው። ከኋላ ወንበር ላይ ሆነው በነጠላቸው አፋቸውን ይዘው ሲንገላቱ፣ ከፊት የተቀመጠው የጉዞው አስተባባሪ ተነሥቶ መጣ።

«እናቴ፣ እዚህ ያናውጣል። ከፊት በእኔ ቦታ ይሁኑ» አለና ክንዳቸውን ይዞ ወሰዳቸው። ከኪሱም ሎሚ አውጥቶ ቆርጦ ሰጣቸው። እሱ ከሾፌሩ አጠገብ ባለው የሞተር ክዳን ላይ፣ ፊቱን ወደ ተሳፋሪው አዙሮ ተቀመጠ። ፀደይ ከአማቷ ጎን ስለነበረች፣ ቀና ባለች ቁጥር ፊት ለፊቷ ያለው እሱ ሆነ።

እንድርያስ ነው ስሙ። የድጓ ምስክር ከሆነው ከቤተ ልሔም ደብር ድጓ የተማረ ዲያቆን ነው፤ ዘመናዊውንም ተምሮ በእስቴ መካነ ኢየሱስ ሲያስተምር ቆይቶ ወደ ንፋስ መውጫ የተዛወረው በዚያው ዓመት ነበር። በየደረሱበት የቦታውን ታሪክ ለተሳላሚው የሚተርከው እሱ ነው። ሲተርክ ድምፁን ከፍ አያደርግም፤ ሰው ራሱ ዝም ይልለታል።

«ልጅዎ ናት?» አለ ወደ ፀደይ እየተመለከተ።

«የልጄ ሚስት ናት» አሉ ወይዘሮ አበራሽ፣ ሎሚውን ከአፋቸው አንሥተው። ፎቶግራፉንም ፈትተው አሳዩት። «እሱን ልናመጣ ነው የምንሄደው።»

እንድርያስ ፎቶግራፉን በሁለት እጁ ተቀብሎ አተኩሮ አየው። ሲመልሰው ፀደይን አላያትም።

*

ላሊበላ ላይ ከአንዱ ቤተ መቅደስ ወደ ሌላው የሚያሻግር፣ ከዐለት የተፈለፈለ የጨለማ መተላለፊያ አለ። ሲኦልን ለማሳሰብ ያለ መብራት ይታለፋል። «አንዱ የአንዱን ትከሻ ይያዝ፤ ራሳችሁን ዝቅ አድርጉ» አለ እንድርያስና ቀድሞ ገባ። ፀደይ አማቷን ከኋላዋ አስይዛ፣ እጇን ከፊቷ ባለው ትከሻ ላይ ጣለች። የማን እንደሆነ ታውቃለች።

ጨለማው ድፍን ነበር። የሰው ትንፋሽና የእግር ኮቴ ብቻ ይሰማል። ከኋላዋ ወይዘሮ አበራሽ «ጊዮርጊስ፣ ጊዮርጊስ» ይላሉ። ከእጇ ሥር ደግሞ የዚያ ሰው ትከሻ በሸሚዙ ውስጥ ሲሞቅና ሲንቀሳቀስ ይሰማታል። ወንድ ከነካች ስንት ዘመኗ እንደሆነ ያን ጊዜ ነው የታሰባት። ፊት ለፊት ብርሃን ብልጭ አለ። ወጡ። ሰዉ ሁሉ እጁን አነሣ፤ የእሷ ግን ቆየ። ጥቂት ነው የቆየው፤ እንድርያስ ዘወር እስኪል ድረስ።

ዓይን ለዓይን ተገጣጠሙ። እጇን እሳት እንደነካው ሰው መልሳ በነጠላዋ ውስጥ ሸሸገችው።

«ምነው ቀላሽ?» አሉ ወይዘሮ አበራሽ።

«ፀሐዩ ነው፣ እማማ።»

ለእኚህ ሴት ዋሽታ አታውቅም ነበር።

ከዚያ በኋላ ራሷን ከእሱ ለማራቅ ያልሞከረችው የለም። በመቐለ ሲያድሩ ከአሮጊቶቹ መሐል ገባች። ደብረ ዳሞ ደርሰው ወንዶቹ በገመድ ተስበው ወደ አምባው ሲወጡ፣ ሴቶቹ እንደ ደንቡ ከሥር ቀሩ፤ እሷም ፊቷን ወደ ገደሉ ላለማዞር ስትታገል ዋለች። ገመዱ ተንቀጫቀጨ ባሉ ጊዜ ግን ከሁሉ ቀድማ የተነሣችው እሷ ነበረች።

አክሱም ጽዮን ተሳልመው ሲወጡ እንድርያስን ፈለገችና አጣችው። ከሐውልቶቹ ማዶ፣ ከአንድ ሻይ ቤት በር ላይ ነበር። የወታደር ካፖርት ለለበሱ ጎልማሶች ፎቶግራፉን እያሳየ ስለ ይታየው ይጠይቃል። ወይዘሮ አበራሽ ደክሟቸው ስለነበር ከእሳቸው ተቀብሎ ወስዶት ነው።

ፀደይ አጠገቡ ሄዳ ቆመች። ጎልማሶቹ ራሳቸውን ነቅንቀው ሄዱ።

«መምህር፣ ለምን ይደክማሉ?» አለችው። «የእኛ ጣጣ ነው።»

እንድርያስ ፎቶግራፉን በመሐረቡ ጠቀለለ። «በሚገባ ልፈልገው ይገባኛል» አለ። «ሳልፈልገው ከቀረሁ፣ ያልፈለግሁበትን ምክንያት አውቀዋለሁና።»

ሁለቱም ቆመው የሐውልቱን ጥላ አዩ፤ ጥላው እየረዘመ እግራቸው ሥር ደርሶ ነበር።

«እንዲህ ያለ ነገር አይናገሩ» አለች በመጨረሻ። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «አትናገር» አለችው።

አንተ ብላ የጠራችው ያን ጊዜ ነው። ሁለቱም ሰሙት።

*

ፀደይ አስመራን ያን ያህል አምራ አልጠበቀቻትም። ሰፊ መንገድ፣ ዘንባባ የተተከለበት፤ ሽማግሌዎች ኮትና ባርኔጣ አድርገው በብስክሌት ይሄዳሉ። ተሳላሚው የእንዳ ማርያምን ቤተ ክርስቲያን ከተሳለመ በኋላ ከተማውን ሊያይ ተበተነ። ወይዘሮ አበራሽ ግን በየሱቁና በየመጋዘኑ እየገቡ ፎቶግራፉን አሳዩ። ሰዉ ደግ ነበር። ወንበር ይስባል፣ ውኃ ይሰጣል፣ ፎቶግራፉን ብርሃን ላይ ይዞ ያያል። የራሱን ልጅ ያጣ ብዙ ነው። አንዲት ልብስ ሰፊ እናት የራሳቸውን ልጅ ፎቶግራፍ ከግድግዳ አውርደው አሳዩአቸው፤ ሁለቱ ሴቶች በማይግባቡበት ቋንቋ አብረው አለቀሱ።

ከዚያ በኋላ ወይዘሮ አበራሽ «እግሬ አልታዘዝ አለኝ» ብለው ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ተቀመጡ። «እናንተ ጠይቁ። መምህር፣ እሷ መንገድ አታውቅም፤ አብረሃት ሂድ።»

አብረው ሄዱ። የቀድሞ ወታደሮች የሚሠሩበት ጋራዥ አለ ተብለው ጠይቀው አጡ። ሲመለሱ ከመንገድ ዳር ከአንድ ቡና ቤት ገብተው ማኪያቶ አዘዙ። አስተናጋጁ አጭር ሰው ነው፤ ትሪውን ከራሱ በላይ ይዞ ሲዞር የባርኔጣ መስቀያውን መትቶ ባርኔጣዎቹን ሁሉ በአንድ ሽማግሌ ላይ አወረደው። ሽማግሌው ሳይደነግጥ አንዱን መርጦ አደረገና መስተዋት ይሰጠኝ አለ።

ፀደይ ሳቀች። እንባዋ እስኪመጣ፣ ጠረጴዛውን ይዛ። እንድርያስም ሳቀ። ከዚያ እሱ ሳቁን ተወና ዝም ብሎ አያት፤ እሷም እንደሚያያት አወቀችና ዓይኗን አላነሣችም።

«እንዲህ ስትስቂ አላየሁሽም» አላት።

«እኔም አላየሁኝም።»

በመስኮቱ መስተዋት ማዶ ሰው ቆሞ ነበር። ወይዘሮ አበራሽ ናቸው። ዕረፍታቸውን ጨርሰው ሊፈልጓቸው ወጥተው፣ አንድ እጃቸውን በመቀነታቸው ላይ አድርገው ወደ ውስጥ ይመለከታሉ። ፀደይ ስታያቸው ሳቋ ፊቷ ላይ ደረቀ። ባሏን ልትጠይቅ ወጥታ፣ ከሌላ ወንድ ጋር ተቀምጣ ትስቃለች።

ወይዘሮ አበራሽ ገብተው ወንበር ስበው ተቀመጡ። እንድርያስ ሻይ አዘዘላቸው።

*

ወደ ምጽዋ ሲወርዱ ከነፋሲት ከተማ በላይ የደብረ ቢዘን ተራራ አለ። ገዳሙ ከጫፉ ላይ ነው፤ ሴት አይወጣበትም። ወንዶቹ በትራቸውን ይዘው ሽቅብ ሲጀምሩ፣ ሴቶቹ ከግርጌው ከአንድ የወይራ ጥላ ሥር ተቀመጡ።

ወይዘሮ አበራሽ በጉልበታቸው ተንበርክከው ፊታቸውን ወደ ተራራው አደረጉ። ድምፃቸውን ሳይደብቁ ጸለዩ።

«አባቴ አቡነ ፊልጶስ፣ ዐጽሙን ከሆነ ዐጽሙን፣ በሕይወት ከሆነ በሕይወቱ አሳየኝ። ልጄን አሳየኝ።»

ፀደይ አጠገባቸው ተንበረከከች። ዓይኗን ጨፈነች። የአማቷን ቃል ተከትላ ልትደግመው ነበር። ከልቧ የወጣው ግን ሌላ ሆነ።

አይገኝ።

ቃሉ ድምፅ አልነበረውም፤ እሷ ግን እንደጮኸች ያህል ደነገጠች። ዓይኗን ገለጠች። ወይዘሮ አበራሽ አሁንም ይጸልያሉ፤ ጉንጫቸው ረጥቧል። ፀደይ መሬቱን በመዳፏ ያዘችው። እኚህ ሴት ራታቸውን ትተው ያስተማሯት ናቸው። በታመመች ጊዜ ሦስት ሱባኤ የያዙላት ናቸው። እሷ ግን ከጎናቸው ተንበርክካ፣ በቅዱስ ቦታ፣ የልጃቸውን ሞት ትለምናለች።

ጸሎቱን ልትመልሰው ሞከረች። «ይገኝ፣ ይገኝ» አለች በከንፈሯ። ከንፈሯ ብቻ ነው ያለው።

ወንዶቹ ወደ ማታ ሲወርዱ እንድርያስ ከገዳሙ ያመጣውን ጸበል ለወይዘሮ አበራሽ ሰጠ። ለፀደይም ሊሰጣት እጁን ሲዘረጋ ወደ ኋላ ሸሸች።

«ምን ሆንሽ?»

«አትቅረበኝ» አለችው። «እባክህን፣ ከእንግዲህ አትቅረበኝ።»

ፊቱ ላይ ያለውን አይታ እንዳላየች ሆነች። ቀድማ አውቶቡሱ ውስጥ ገባች።

*

ምጽዋ ላይ ሙቀቱ ፊት እንደሚመታ ነገር ነበር። ብዙ ቤቶች ከጦርነቱ ወዲህ እንደፈረሱ ናቸው፤ ጥይት የበሳው ግድግዳ፣ ጣሪያ የሌለው ፎቅ። ወይዘሮ አበራሽ ባሕር አይተው አያውቁም። ከዳርቻው ቆመው ረጅም ጊዜ ተመለከቱ። ውኃውን በጣታቸው ነክተው ቀመሱት።

«ጨው ነው» አሉ።

ፀደይ ፎቶግራፉን አውጥተው ሊጠይቁ መስሏት ወደ ወደቡ ሠራተኞች ተመለከተች። ወይዘሮ አበራሽ ግን ሻሻቸውን ፈቱ። ሽበታቸው ተበተነ። ነጠላቸውን አጣጥፈው ወገባቸውን አሠሩና፣ ሰባት ዓመት ሙሉ እንቢ ያሉትን ለቅሶ ጀመሩት።

«ይታየው!» አሉ ወደ ባሕሩ። ደረታቸውን መቱ።

«ደጋ ያሳደግሁት ነፋስ እያጠጣሁ፣
ቆላ ቀረ አሉኝ ባሕሩ ላይ መጣሁ።»

ተሳላሚው ደንግጦ ተሰበሰበ። «ምን ሰሙ? ማን ነገራቸው?» ይባባላል። የነገራቸው አልነበረም። ከአስመራ እስከዚያች ሰዓት ፀደይ ከጎናቸው አልተለየችም፤ አንድም ሰው ስለ ይታየው ክፉም ደግም አልነገራቸውም። እናቶቹ ግን ለቅሶ ለቅሶን ይጠራልና አብረዋቸው አነቡ። እንድርያስ አብረው ከመጡት ካህናት ጋር ፍትሐቱን ደገመ። ድምፁ ሁለት ጊዜ ተሰበረ።

ፀደይ ብቻ ደርቃ ቆመች። ገብቷታል። አሮጊቷ በቡና ቤቱ መስተዋት ያዩትን አይተዋል። በተራራው ሥር የሆነውንም ሳይሰሙ አልቀሩም፣ ወይም ፊቷ ላይ አንብበውታል። ልጃቸውን ዛሬ በገዛ እጃቸው የሚቀብሩት ለእሷ ሲሉ ነው።

ሮጣ እግራቸው ላይ ወደቀች። «ይተዉ፣ እማማ! ይተዉ፣ ማን ሞተ አለዎት!»

ወይዘሮ አበራሽ ራሷን ይዘው ወደ ደረታቸው አስጠጉት። «አልቅሺ» አሏት በጆሮዋ። «ባልሽ ነው፤ አልቅሺለት።»

*

ንፋስ መውጫ ተመለሱ። ተዝካር ተደገሰ። ፀደይ ጥቁር ለበሰች፤ ቢሮ ሄዳ ትመለሳለች፣ ለማንም ቀና ብላ አታይም። እንድርያስ ተዝካሩ ላይ መጥቶ ከዳስ ጥግ ተቀምጦ ሄደ። ከዚያ ወዲያ በመንገድ ሲገናኙ ባርኔጣውን አንሥቶ ያልፋል። አትቅረበኝ ብላዋለችና አልቀረባትም።

ክረምት ሲገባ መደበቅ አልቻለችም። አንድ ቀን ወይዘሮ አበራሽ ጤፍ ሲያበጥሩ ከፊታቸው ተንበረከከች።

«እማማ፣ እዚያ ተራራ ሥር እርስዎ ይገኝ ሲሉ እኔ አይገኝ ብያለሁ።»

ወይዘሮ አበራሽ ሰፌዱን አስቀመጡ። ፊታቸው ቀስ እያለ ተለወጠ። ያላወቁት ነገር ነበር። መሳቋን አይተዋል፤ ይህን ግን አላወቁም። ተነሥተው ወደ ውስጥ ገቡና መጋረጃውን ጣሉት።

ብዙ ቀን አላነጋገሯትም። እህል አቅርበውላት ይሄዳሉ። ፀደይ ልብሷን በሻንጣ አድርጋ ወደ ስማዳ ልትሄድ ከደጃፍ ስትደርስ ነው ድምፃቸውን የሰማችው።

«የት ነው?»

«ወደ አባቴ። ከዚህ ቤት እህል መብላት አይገባኝም።»

«ክፉ ነገር ነው ያልሽ» አሉ ወይዘሮ አበራሽ። «አንጀቴን ነው የቆረጥሽው። ቀን ቀን ልረግምሽ እነሣና አፌ አልታዘዝ ይለኛል።» በሩ ላይ ተቀመጡ። «ኋላ ደግሞ አሰብሁት። እኔስ? ይህን ያህል ዘመን አንቺን በእጄ ይዤ እሱን የያዝሁ ይመስለኝ ነበር። አንቺ እስካለሽ እሱ አልሞተም። ወጣትነትሽ እዚህ ጓዳ ሲያልቅ እያየሁ ዝም አልሁ። አባትሽ ሲመጡ ሂጂ ማለት ነበረብኝ። አላልሁም።»

«ራሴ ነኝ እምቢ ያልሁ።»

«ልጅ ነበርሽ። እኔ ነበርሁ ትልቅ ሰው።» ሻንጣውን ከእጇ ወሰዱ። «ግቢ። ዝናቡ ሊመጣ ነው።»

ከዚያም፣ ሻንጣውን ሲያስቀምጡ፣ ጀርባቸውን እንደሰጧት፣ «ያ መምህር እንደምን ሆነ?» አሉ።

*

«አትቅረበኝ» ያለችውን ፀደይ ራሷ ካነሣችለት በኋላ፣ እንድርያስ ሽማግሌ የላከው በኅዳር ነው። ወደ ስማዳ ሳይሆን በመጀመሪያ ወደ ወይዘሮ አበራሽ ቤት ነበር። ወይዘሮ አበራሽ እንደማንኛዋም የሴት ልጅ እናት ሽማግሌዎቹን ከደጅ አቆይተው፣ «እስኪ እናስብበት» ብለው መለሷቸው። ሁለተኛም መለሷቸው። ሦስተኛ ሲመጡ ደጁ ላይ ጎዝጉዘው ተቀበሏቸው።

አስቸጋሪው ነገር ከዚያ በኋላ መጣ። የነፍስ አባታቸው መምሬ ገብረ ሚካኤል ሁለቱንም ወጣቶች ከአሮጊቷ ጋር አስቀርበው ጠየቁ።

«እንድርያስ፣ ፈት ያገባ ዲያቆን ቅስና እንደማይሾም ታውቃለህ። ቤተ ልሔም ያሉት መምህርህ ወንበራቸውን ለአንተ ነው ያሰቡት።»

«ሄጄ ነግሬአቸዋለሁ፣ አባ። አዝነውብኛል።» ከዚያ ጨመረ፤ «አቅፈው ግን ነው የሸኙኝ።»

ፀደይ ይህን አላወቀችም ነበር። ዓይኗን አነሣች። ለእሷ ሲባል ሌላ ሰው ደግሞ ሌላ ነገር ቀብሯል።

«ይሁን» አሉ መምሬ። «አሁን ዋናው ነገር። የይታየው ሞት በምን ተረጋገጠ? ያየ አለ?»

ወይዘሮ አበራሽ ሳይዘገዩ መለሱ። «ምጽዋ ላይ አንድ ሰው አግኝቼ ነበር። አብሮት የነበረ ወታደር ነው። በእጄ ቀበርሁት ብሎኛል።»

ፀደይ አማቷን ተመለከተች። አሮጊቷ ወደ እሷ አይዞሩም፤ ዓይናቸው ካህኑ በያዙት መስቀል ላይ ነው፤ ጣቶቻቸው የነጠላቸውን ጥለት ይቆነጥራሉ። ምንም ማለት አያስፈልጋትም። ዝም ካለች ያልቃል። የምትወደው ሰው እዚህ አጠገቧ ተቀምጧል።

«አባ» አለች፤ «የነገራቸው ሰው የለም።»

«ፀደይ!» አሉ ወይዘሮ አበራሽ።

«ከጎናቸው አልተለየሁም። ማንም አልነገራቸውም። ለእኔ ብለው ነው የሚዋሹት። ልጃቸውን ለእኔ ብለው አለቀሱት፤ አሁን ነፍሳቸውን ሊሰጡ ነው። እኔ በዚህ ላይ ቤት አልሠራም።» ወደ እንድርያስ ዞረች። «ይቅር በለኝ። ወድጄሃለሁ። ከላሊበላ ጀምሮ ወድጄሃለሁ። ግን ይሙት ይኑር አላውቅም።»

እንድርያስ ጎንበስ ብሎ መሬቱን አየ። «እኔም አላውቅም» አለ። «አውቃለሁ ብለሽ ብትመጪ አላምንሽም ነበር።»

መምሬ ገብረ ሚካኤል መስቀሉን በጉልበታቸው ላይ አኖሩ። ከዚያ ወደ ወይዘሮ አበራሽ ጎንበስ ብለው፣ «ለዚህ ቃልሽ ንስሐ አለብሽ» አሏቸው፤ ድምፃቸው ግን ለስላሳ ነበር። «አላስፈለገም ነበር። በጦርነት ጠፍቶ ወሬው ያልተሰማ ሰው ሚስቱ የምትጠብቅበት ወሰን በመጽሐፉ ተቀምጧል። ያንን ወሰን ይህች ልጅ ካለፈች ቆየች። ጠይቃችሁኝ ቢሆን ገና ድሮ እነግራችሁ ነበር።»

ወይዘሮ አበራሽ በነጠላቸው ፊታቸውን ሸፈኑ። ፀደይ አጠገባቸው ሄዳ ስትቀመጥ ከነጠላው ሥር ሆነው፣ «አሳፈርሽኝ፣ አንቺ ልጅ» አሉ። ከዚያም እጇን ያዟት፤ ካህኑ እስኪሄዱም አልለቀቁም።

*

በጥር፣ እሑድ ማለዳ፣ ያለ አክሊልና ያለ ጭፈራ፣ በጸሎት ብቻ ቆረቡ። አባቷ ከስማዳ መጡ፤ ልጅቷን መርቀው የሸኙት ግን ወይዘሮ አበራሽ ናቸው። የሸኟትም ሩቅ አልነበረም፤ ከዚያው ግቢ ውስጥ እንድርያስ ወደ ሠራት አንድ ክፍል ነው። አሮጊቷን ጥላ እንደማትሄድ ሳትነግረው አውቆታል።

በዚያው ዓመት ግንቦት ላይ ጦርነት ተነሣና የመረብ መንገድ ተዘጋ። ለይታየው ሁለተኛ የሙት ዓመት ምጽዋ ሄደው ሊያስቀድሱለት ያሰቡት ቀረ። ወይዘሮ አበራሽ እነዚያ የአስመራ ልብስ ሰፊ እናት እንዴት ሆነው ይሆን እያሉ ይተክዙ ነበር። ከንፋስ መውጫም እንደገና ወጣቶች ሄዱ።

ጦርነቱ ካበቃ በኋላ የተሰናበቱ ወታደሮች በአውቶቡስ መምጣት ጀመሩ። አንድ ከሰዓት በኋላ ፀደይና እንድርያስ ልጃቸውን አዝለው ከገበያ ሲመለሱ፣ ከወልድያ የመጣው አውቶቡስ መናኸሪያው ላይ ቆመ። ሬንጅር የለበሱ ሰዎች ይወርዱ ጀመር። እናቶች እልል ይላሉ።

ፀደይ ቆመች። የሚወርዱትን ወጣቶች አላየችም፤ ጎልማሶቹን፣ ረጃጅሞቹን ብቻ አንድ በአንድ ፊታቸውን ታያለች። ለምን እንደምታይ እንድርያስ ያውቃል። ሕፃኑን ከጀርባዋ ተቀብሎ አቀፈው። እንሂድ አላላትም። እሱም ከጎኗ ቆሞ፣ በፎቶግራፍ የሚያውቀውን ፊት፣ ከሚወርዱት መሐል መፈለግ ጀመረ።

የመጨረሻው ሰው ወረደ። ረዳቱ በሩን ዘጋ።

«የለም» አለች ፀደይ፣ በቀስታ።

«አላየሁም» አለ እንድርያስ።

እጇን ሰጠችው። ነፋሱ አቧራውን እያነሣባቸው ወደ ቤት ወጡ።